ኮረብታው ላይ ያለው የዓይን ሆስፒታል

አርሴማ አምደሚካኤል ጉንደ ወይን ውስጥ ጠቅላላ ሐኪም ነበረች። የዓይን ሐኪም አልነበረችም፤ በአካባቢው ሌላ ስለሌለ ግን በገበያ ቀን ዓይኑን የታመመ ሁሉ እሷ ክፍል ደጃፍ ይኮለኮላል። ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ተቆልምሞ ብሌናቸውን የሚቧጥጣቸው ሴቶች፣ ሞራ የጋረዳቸው ገበሬዎች፣ የዓይን ግፊት ብርሃናቸውን ከዳር ከዳር እየቆረሰ የጨረሰባቸው አዛውንቶች ይመጣሉ። እሷ ያላት አንዲት የኪስ ባትሪ ናት። ታበራለች፣ ታያለች፣ «ደብረ ማርቆስ ይሂዱ» ትላለች። ብዙዎቹ አይሄዱም። ቆይተው በሰው እጅ ተመርተው ይመለሳሉ፤ ያን ጊዜ ባትሪዋን ብታበራም ባታበራም አንድ ነው።

ስለዚህ የስፔሻሊቲ መግቢያ ፈተናውን ስታልፍ ምን እንደምትማር አላመነታችም። ያመነታችው የት እንደምትማር ነው። አመልካቹ የሚፈልጋቸውን ቦታዎች በቅደም ተከተል አድርጎ በኢንተርኔት መላክ አለበት። አዲስ አበባ የምትሠራው የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ዜማ በየቀኑ ትደውልላታለች። «ምን ያስጨንቅሻል? ትልቁን፣ የቆየውን አንደኛ አድርጊ፤ በቃ።»

አርሴማ ግን ስለ አንድ ቦታ ደጋግማ ትሰማ ነበር። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ፣ ከአምበር መንገድ ገባ የሚል፣ ኮረብታ ላይ የተሠራ የዓይን ሆስፒታል ነው። ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም፣ ማሠልጠን ከጀመረ ብዙም አልቆየም። አንዳንዱ «እዚያ ገና ከመግባትሽ መሣሪያ ያስይዙሻል» ይላታል። ሌላው ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንድ ሬዚደንት ዓመቱን ሳይጨርስ ጥሎ ወጥቷል» ይላል። ለምን እንደወጣ ስትጠይቅ የሚያውቅ የለም። ወይም የሚያውቀው አይነግራትም።

«ሄጄ ካላየሁ አልመርጥም» አለቻት ዜማን፤ የዓመት ፈቃዷን ወስዳ በሐምሌ ተነሳች።

ያን ሰሞን ከጮቄ የወረደው ጉም መሬት ላይ ተኝቶ ነበር። ከአምበር የያዘችው ባጃጅ ኮረብታውን ሲወጣ ሆስፒታሉ አይታይም፤ በመጀመሪያ የበሩ ብረት፣ ከዚያ የበረንዳው ምሰሶ፣ ከዚያ ሰዎቹ ከነጩ ውስጥ አንድ በአንድ ወጡ። በረንዳው ላይ በረድፍ ተቀምጠዋል። ትናንት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ሕመምተኞች ናቸው፤ አንድ ዓይናቸው በፋሻ የታሰረ፣ ሌላው ከቆየ ጀምሮ የማያይ። የጫማዋን ኮቴ ሲሰሙ ሁሉም በአንድ ጊዜ ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። ማንም ሰላም አላለም። አልፋቸው ወደ ውስጥ እስክትገባ ፊቶቹ አብረዋት ዞሩ።

የተቀበላት ጸጋው የሚባል ሬዚደንት ነው፤ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥብ ልጅ። እሷ በመንገድ ሁሉ ስታሰላስለው የመጣችውን ጥያቄ ሳትቀመጥ ጀመረችለት።

«መሣሪያውን ማን ነው የሚይዘው? እናንተ ናችሁ ወይስ ቆማችሁ ታያላችሁ?»

«እኛ ነን» አለ።

«እጃችሁ ሲሳሳትስ?»

«ዶክተር ሳራ አለች።»

«ሁሌ?»

«እሷ ሳትኖር ዓይን አንከፍትም።»

ቀዶ ጥገና ክፍሉን አሳያት። ማይክሮስኮፑ ሁለት መመልከቻ አለው፤ አንዱ ለሠሪው፣ አንዱ ለአስተማሪው። አርሴማ በሁለቱም አየችበት። ጥራቱ ደስ አላት። ከታረደ በሬ በሚወጣ ዓይን ላይ ስፌት የሚለማመዱበትን ትንሽ ክፍልም አየች። የሬዚደንቶቹ ማደሪያ ጣሪያ ያፈሳል፤ መብራት ይጠፋል፤ ጄነሬተሩ ያረጀ ነው። ይህን ሁሉ ሳይደብቅ ነገራት። ጥሎ ስለወጣው ሬዚደንት ስትጠይቀው ግን «እሱን ዶክተር ሳራን ጠይቂያት» ብሎ ወደ ፊት ሄደ።

ወደ መኝታ ክፍሎቹ የሚያደርሰው ኮሪደር ረጅምና ብርዳም ነው። ጫፉ ላይ ትልቅ መስኮት አለ፤ ከመስኮቱ ሥር የእንጨት አግዳሚ ወንበር። ሕመምተኛ በዝቶ ሰው መሬት ላይ በሚቀመጥበት ቤት ያ ወንበር ባዶ ነው። ጸጋው ሲደርስበት ያለ ምንም ምክንያት ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ዞሮት አለፈ። ከወዲያ የምትመጣ ነርስም እንዲሁ ዞረችው። አርሴማ ደክሟት ስለነበር ልትቀመጥ ጎንበስ ስትል ጸጋው ክርኗን ያዛት።

«እዚያ አትቀመጪ።»

«ተሰብሯል እንዴ?»

«አልተሰበረም።»

ይስቃል ብላ ጠበቀች። አልሳቀም።

ከሰዓት በኋላ ጸጋው ሥራ ስለነበረበት አርሴማ ብቻዋን መኝታ ክፍል ገብታ ከሕመምተኞቹ ጋር ስታወጋ ዋለች። ስለ አንድ ማሠልጠኛ እውነቱን የሚነግሩ እነሱ ናቸው ብላ ታምናለች። በሩ አጠገብ ያለው አልጋ ላይ ጋሽ ዋኘው የሚባሉ ሰውዬ ተጋድመዋል። ፀጉራቸው እስኪሸብት የሞጣን መንገድ አውቶቡስ የነዱ ናቸው። የዓይን ግፊት ሁለቱንም ዓይናቸውን አጥፍቶባቸዋል፤ አሁን የተኙት ሕመሙን ለማስታገስ ነው። በደንብ ይይዟቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ይይዙኛል» አሉ። «ያቺ ትልቋ ዶክተር ስነግራት አልሳቀችም።»

«ምን ነግረዋት?»

ጋሽ ዋኘው በክፍሉ ሌላ ሰው መኖር አለመኖሩን በጆሯቸው ፈተሹ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ጥልፍ መጣብኝ። እንደ ቀሚስ ጥበብ ያለ፣ ማለቂያ የሌለው። ዝም አልኩ። ቀጥሎ ሰዎች መጡ። ክንድ አይሞሉም። ባርኔጣ አድርገዋል። ጥርሳቸው ትልልቅ ነው፣ ግን አይናገሩም፤ ሲሄዱ ኮቴ የላቸውም። እጄን ፊቴ ላይ ባወዛውዝ አላየውም ልጄ፤ የእነሱን የጫማ ክር ግን አያለሁ።»

«ኮሪደሩ ላይ ያለው ወንበርስ?» አለች አርሴማ።

«እሱን ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ሰው ሲሸሸው አይቼ ነው።»

«ወንበሩ ላይ ያለችዋ ሴት ከእነዚያ አይደለችም» አሉ። «እነዚያ ፊቴን ወዳዞርኩበት ይከተሉኛል። እሷ ቦታዋን አትለቅም። ወደ ሽንት ቤት በወሰዱኝ ቁጥር እዚያው ናት። ጀርባዋን ሰጥታ በመስኮቱ ትመለከታለች። አረንጓዴ ሻሽ አስራለች። እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ከእኔ በፊት እዚህ አልጋ ላይ የነበረውም ሰውዬ ይህንኑ ብሎ እንደነበር ነርሶቹ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።»

አርሴማ ያን ቀን በኮሪደሩ ስትመለስ ወንበሩን ላለማየት መሬት መሬት እያየች ነው ያለፈችው። ከመስኮቱ ውጭ ከጉም በስተቀር ምንም አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ራውንድ፣ ሐኪሞቹ ሕመምተኞቹን በየተራ የሚያዩበት ጉብኝት፣ ነበር። ዶክተር ሳራን ያን ጊዜ ነው ያየቻት፤ ከሆሳዕና መጥታ ጎጃም የከረመች፣ አጭር፣ ስትራመድ የምትቸኩል፣ ስትናገር ግን የማትቸኩል ሴት ናት። ሬዚደንቶቹ ከኋላዋ፣ አርሴማ ከእነሱ ኋላ ሆነው ኮሪደሩን ሲይዙ ከፊት ለፊታቸው አንዲት አሮጊት በልጃቸው እጅ ተመርተው ይመጣሉ። እማማ እቴናት ይባላሉ፤ ከመርጡለ ማርያም ወገን ናቸው፣ አምበር ዘመድ ዘንድ አድረው ገና አሁን ከሚኒባስ መውረዳቸው ነው። ሁለቱም ዓይናቸው በሞራ እንደ ወተት ነጥቷል።

ወንበሩ ዘንድ ሲደርሱ እማማ እቴናት ቆሙ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ጎንበስ አሉ።

«እንዴት አደርሽ እህቴ» አሉ። «ብርዱ አይጎዳሽም? ከመስኮቱ ራቅ በይ እንጂ።»

ልጃቸው ባዶውን ወንበር አየች፣ እናቷን አየች፣ ክንዳቸውን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ከሬዚደንቶቹ አንዱ አማተበ። ጸጋው ወደ ግድግዳው ተለጠፈ።

ዶክተር ሳራ ወደ አሮጊቷ ተጠጋች። «እማማ፣ ማንን ነው ሰላም የሚሉት?»

«ይቺን የተቀመጠችውን።»

«ምን ለብሳለች?»

«ፊቷ አይታየኝም፣ ወዲያ ዞራለች። ሻሽ አስራለች። አረንጓዴ።» ከዚያ የሁሉም ዝምታ ገባቸውና ድምፃቸው ተለወጠ። «ምነው? ሰው የለም እንዴ?»

«እኛ አናያትም እማማ» አለች ሳራ። «እርስዎ ግን አላበዱም። ጋኔንም አልያዘዎትም። ይህን በደንብ ይስሙኝ።»

ወደ ሬዚደንቶቹ ዞራ እዚያው አስተማረቻቸው። ዓይን መልእክት መላክ ሲያቆም አእምሮ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ከራሱ ጓዳ ሥዕል እያወጣ ባዶውን ይሞላል። ሕመምተኛው ሌላ ምንም አይጎድለውም፣ ሐሳቡ ሙሉ ነው። ቻርልስ ቦኔ ሲንድሮም ይባላል። ዓይናቸው ከጠፋ ሰዎች ብዙዎቹ ያዩታል፤ እብድ እንዳይባሉ ፈርተው ግን አይናገሩም። «ካልጠየቃችሁ አይነግሯችሁም። ስለዚህ ሁልጊዜ ጠይቁ።»

አርሴማ እንግዳ መሆኗን ረስታ አፏን ከፈተች። «ዶክተር፣ ይቅርታ። ጋሽ ዋኘውም ይህችኑ ሴት ነው የሚያዩት። ሻሿም አረንጓዴ ነው ብለውኛል። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንዲቱን ሴት እንዴት ሁለቱም ያያሉ?»

ዶክተር ሳራ መስኮቱን፣ ቀጥሎ ወንበሩን አየች።

«አላውቅም» አለች።

ከዚያ ወደ አርሴማ ዞረች።

«ምናልባት የመስኮቱ ብርሃን ያደናግራቸዋል። ምናልባት አንዱ ሲናገር ሌላው ሰምቶ ይሆናል፤ እማማ ግን ገና አሁን ነው የገቡት። የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ አላስተምራችሁም።» ይህን ብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «እማማ፣ ይምጡ አጠገቤ። ዓይንዎን ልየው።»

አሮጊቷ አልተንቀሳቀሱም። «ቦታ የለም፣ ልጄ። አጠገቧ ነው የተቀመጥሽው። ትከሻሽ ነክቷታል።»

«ከፋት?»

«ኧረ። ዞርም አላለች።»

አርሴማ የሳራን ክንድ አየች፤ ፀጉሩ በሙሉ ቆሞ ነበር። ዶክተሯ ግን አልተነሳችም። ለእማማ እቴናት በሌላ በኩል ወንበር አስመጥታ ዓይናቸውን አየችና «በቀዶ ጥገና ይድናል፣ ያያሉ» አለቻቸው። ራውንዱም ቀጠለ።

የእማማ እቴናትን ቀኝ ዓይን በማግስቱ የሠራው ጸጋው ነው። አርሴማ ማስክ አድርጋ ከጥግ ቆማ አየች። ዶክተር ሳራ ሁለተኛው መመልከቻ ላይ ተቀምጣለች። መሐል ላይ የጸጋው እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አርሴማ በሌላ ቦታ ስትማር ያየችው ነገር ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ መሣሪያውን ነጥቆ «ተነስ!» የሚል ጩኸት። ሳራ ግን እጇን እንኳ አላነሳችም።

«ቁም» አለችው በዝግታ። «ተንፍስ። አሁን የምታየውን ንገረኝ።»

ጸጋው የሚያየውን በቃሉ ነገራት። እየነገራት እጁ ረጋ። ሞራው ወጣ፣ ሌንሱ ገባ።

ፋሻው ሲፈታ እማማ እቴናት መጀመሪያ የልጃቸውን ፊት ያዙ። ግንባሯን፣ ጉንጯን እየዳሰሱ «አርጅተሻል» ብለው ሳቁ፣ አለቀሱም። ወደ ቤት ሲሄዱ አርሴማ እስከ በሩ ልትሸኛቸው አብራ ወጣች። ኮሪደሩ ጫፍ ሲደርሱ አሮጊቷ ዳግም ቆሙ። ወንበሩን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ሄደው በመዳፋቸው ዳበሱት።

«የት ወሰዳችኋት?» አሉ።

«ማንም አልወሰዳትም፣ እማማ» አለች አርሴማ።

«እኔ ዓይኔ ሲበራ ፊቷን አያለሁ ብዬ ነበር» አሉ፤ የቀብር ያህል አዝነው ወጡ።

ከመሄዷ በፊት አርሴማ ዶክተር ሳራን ቢሮዋ አገኘቻት። ስለ ሥልጠናው፣ ስለ ፈተናው፣ ስለ ምርምሩ ጠየቀቻት፤ ያልተሟላውን ሁሉ ሳራ አልተሟላም አለቻት። የዓይንን የውስጥ መጋረጃ የሚያክም የሬቲና ሐኪም የላቸውም፤ ለእሱ ሬዚደንቶቹ ለወራት ሌላ ከተማ ይላካሉ። በመጨረሻ ጥሎ ስለወጣው ልጅ ጠየቀቻት።

«ፈርቶ ነው» አለች ሳራ። «አንድ ቀን እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ አንድ ዓይነ ስውር ሕመምተኛ 'እጇን ጭንህ ላይ አድርጋለች' አለው። ዕቃውን እንኳ ሳይወስድ ሄደ። አልፈረድኩበትም። አንቺስ ፈርተሻል?»

«አዎ፣ ዶክተር።»

«ጥሩ። ምንም የማይፈራ ሰው የሰው ዓይን ውስጥ ስለት ሲያስገባ ማየት አልወድም።»

እስካሁን የአርሴማን አባት አላነሳሁም። አቶ አምደሚካኤል ጉንደ ወይን ገበያ ላይ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የስፌት መኪናቸውን ሸፍነው ከልጃቸው ጋር ቤት ይውላሉ። የእሳቸውም በሽታ የዓይን ግፊት ነው፤ ጠብታ አላቸው፣ ግን ከሄደው ብርሃን የተመለሰ የለም። ዝምተኛ ሰው ስለሆኑ ይበልጥ ዝም ማለታቸውን ማንም አላስተዋለም።

አርሴማ ከኮረብታው የተመለሰች ዕለት አባቷ በሩ ላይ ሊቀበሏት ወጡ። ሲወጡ ደረታቸውን አጥብበው፣ በጎናቸው፣ መቃኑን ታክከው ነበር። ሰፊ በር ነው። ካለፉት ወራት ወዲህ እንደዚያ ነበር የሚወጡት፤ እሷ ደግሞ መንገዱ እየጠፋቸው ይመስላት ነበር። አሁን ግን ጸጋው ባዶውን ወንበር ዞሮ ሲያልፍ ትዝ አላት።

ቦርሳዋን አስቀምጣ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«አባዬ» አለች፣ «በሩ ላይ ምን አለ?»

አቶ አምደሚካኤል ፊታቸውን ከበሩ አዞሩ።

«እኔ አላየውም፣ ግን እርስዎ እንደሚያዩ አውቃለሁ። በሽታው ያመጣው ነው። አላበዱም።»

«ፈረስ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ዳማ ፈረስ። ከፋሲካ ጀምሮ እዚያ ቆሟል። ከጋማው ውሃ ይንጠባጠባል፣ ደጁ ግን አይርስም። አንቺ ስትገቢና ስትወጪ በውስጡ ነው የምታልፊው፤ በዚያ ጊዜ ዓይኔን እጨፍናለሁ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ሐኪም ነሽ። እብድ አባት አላት ይሉሻል ብዬ።»

እጃቸውን ያዘች። ዶክተር ሳራ ያስተማረችውን በሚገባቸው ቃል ነገረቻቸው። ሲሰሙ ትከሻቸው ቀስ በቀስ ወረደ። «እንዲህ ያለው ሌላ ሰውም አለ?» አሏት፤ «ብዙ» አለቻቸው። ከዚያ ብድግ ብለው ወደ በሩ ሄዱ፣ ለአፍታ ቆሙ፣ ደረታቸውን ነፍተው በመሐሉ ወጡ። ውጭ ሆነው ሲተነፍሱ ተሰማት።

አርሴማ በዚያው ሳምንት ምርጫዋን ላከች። ኮረብታው ላይ ያለውን አንደኛ አደረገችው። ዜማ ደውላ «አብደሻል?» አለቻት። «የማያውቁትን አላውቅም የሚሉበት ቦታ ነው» አለች አርሴማ፤ የአባቷን ነገር ግን አልነገረቻትም።

የመረጠችው ቦታ ደረሳት። መስከረም ላይ ከአባቷ ጋር ደብረ ማርቆስ ቤት ተከራዩ። ጋሽ ዋኘው ወደ ቤታቸው ተመልሰው ነበር፤ ባርኔጣ ያደረጉት ትንንሾቹ ሰዎች እየሳሱ ሄደው ጠፉባቸው። ዝም ያለው ግድግዳ እንደከበዳቸው ሴት ልጃቸው በስልክ ነገረቻት። አርሴማ አሁን የራሷ ሕመምተኞች አሏት። ካርድ ላይ ያለውን ከመጠየቋ በፊት «ሌላ ሰው የማያየው ነገር ያያሉ?» ትላቸዋለች፤ አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ማልቀስ ይጀምራል። ወንበሩ ግን ከመስኮቱ ሥር አልተነሳም፤ እሷም ተቀምጣበት አታውቅም።

አቶ አምደሚካኤል ፈረሱን ጉንደ ወይን ትተውት መጡ፤ አዲሱ ቤት በር ላይ ምንም የለም ይላሉ። ጎረቤቶች የወለቀ የልብስ ቁልፍ ያመጡላቸዋል፤ ቀዳዳውን በጣታቸው ፈልገው ይተክሉላቸዋል። ምን እንደሚያዩ የጠየቃቸውን ከእንግዲህ አይደብቁም። ልጃቸው ከሥራ ስትመለስ ከበሩ ጀምረው ይነግሯታል።

«ዛሬ አበባ ነው» ይሏታል። «ግድግዳው ሁሉ አበባ ነው። ፊትሽም ላይ አለ።»